የፍሪሲዮን ሥራ ኩርባው ሳይጀምር ያልቃል፦ ለለማጅ አሽከርካሪ ዝርዝር መመሪያ

መንዳት የለመድኩት በአሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ ነው። አንድ ማለዳ ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል ስንወርድ ጠበቅ ያለ ኩርባ ፊቴ ድቅን አለ። ሞተሩ እንዳይጠፋብኝ ሰጋሁና ፍሪሲዮኑን፣ ማለትም በግራ እግር የሚረገጠውን ፔዳል፣ እስከ ወለሉ ረግጬ መሪውን ጠመዘዝኩ። መኪናው በረድ ይላል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ነጎደ። የሞተሩ ድምፅ ጸጥ አለ፤ ፍጥነቱ ግን ጨመረ። አሰልጣኜ በእሳቸው በኩል ያለውን ፍሬን ረግጠው ዳር አስያዙኝና ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ "ልጄ፣ ፍሪሲዮን ፍሬን አይደለም። ልቀቀው፣ ሞተሩ ይያዝህ" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ታናሽ እህቴን፣ ሁለት የአክስቴን ልጆችና አንድ ጎረቤቴን አለማምጃለሁ። አራቱም ኩርባ ሲያዩ የግራ እግራቸው ሳያዙት ተነሥቶ ፍሪሲዮኑ ላይ ወጣ። ይሄ ስንፍና አይደለም፤ ሞተር ይጠፋብኛል የሚል ፍርሃት ነው። መገናኛ መሀል መንገድ ላይ ሞተር ጠፍቶበት፣ ከኋላው ሚኒባሶች ክላክስ ሲያንባርቁበት የቆየ ለማጅ ፍርሃቱን በደንብ ያውቀዋል። ፍርሃቱን የሚያስወግደው ግን ፍሪሲዮን ረግጦ መታጠፍ ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ማወቅ ነው።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መኪናው ቀጥ ብሎ እየሄደ ሳለ ፍጥነት በፍሬን ይቀነሳል፤ ፍሪሲዮን ተረግጦ ማርሽ ይቀነሳል፤ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ይለቀቃል፤ የግራ እግር ወለል ላይ ያርፋል። መሪ የሚዞረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ፔዳሉ ሲረገጥ ምን ይሆናል?

ከሞተሩ ጀርባ ቮላኖ የሚባል ከባድ ክብ ብረት አለ። ሞተሩ እስካልጠፋ ድረስ ይሽከረከራል። ፊት ለፊቱ ደግሞ ሸራ የለበሰ ዲስክ አለ፤ እሱ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር፣ በካምቢዮው በኩልም ከጎማዎቹ ጋር የተያያዘ ነው። ፔዳሉን ሳትነኩት ጠንካራ ሞላ ዲስኩን ቮላኖው ላይ አጣብቆ ስለሚይዘው ሞተሩና ጎማዎቹ አንድ ላይ ይዞራሉ። ፔዳሉን ስትረግጡት ይላቀቃሉ። ሞተሩ ለብቻው ይዞራል፣ ጎማዎቹም ለብቻቸው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግራችሁን ከነዳጅ ላይ ስታነሡ፣ ጎማዎቹ ሞተሩን ለማዞር ስለሚገደዱ መኪናው እየተያዘ ይሄዳል። ሾፌሮች "በማርሽ መያዝ" የሚሉት ይህን ነው። ፍሪሲዮን በረገጣችሁ ቅጽበት ይህ መያዝ ይጠፋል። ሜዳ ላይ ከሆናችሁ መኪናው እንደ ጋሪ ይንከባለላል፤ ቁልቁለት ላይ ከሆናችሁ ደግሞ እኔን እንደገጠመኝ ይነጉዳል።

ሁለተኛውን ብዙ አሰልጣኞች አያነሡትም። እያንዳንዱ ጎማ አስፋልቱን የሚነካው በእጅ መዳፍ ስፋት ያህል ብቻ ነው። ፍሬን ሲያዝም፣ ሲታጠፍም፣ ሞተር ሲጎትትም መኪናውን የሚሸከመው ይህችው መዳፍ የምታህል የጎማ ክፍል ናት። በኩርባ መሀል ማርሽ ቀንሳችሁ ፍሪሲዮኑን ድንገት ብትለቁት፣ ለመታጠፍ የተወጠረው ጎማ ላይ ሌላ ጉተታ ትጨምሩበታላችሁ። በደረቅ አስፋልት መኪናው ገጭ ብሎ ያልፍ ይሆናል። በሐምሌ ዝናብ ግን ይንሸራተታል። እንደ ዲኤክስና እንደ አሮጌው ላዳ በኋላ ጎማ የሚነዳ መኪና ከሆነ ቂጡ ወደ ውጭ ይወጣል፤ እንደ ቪትዝ በፊት ጎማ የሚነዳ ከሆነ ደግሞ መሪውን ብታዞሩም ቀጥ ብሎ ወደ ኩርባው ውጭ ይሄዳል።

ፍጥነትም ከምታስቡት በላይ ዋጋ ያስከፍላል። መኪናውን ከኩርባው ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ስኩዌር ያድጋል። በ30 ኪሎ ሜትር ፋንታ በ60 ብትገቡ ኃይሉ 4 እጥፍ ይሆናል። በ40 ብትገቡ እንኳ ወደ 1.8 እጥፍ ይጠጋል። "10 ኪሎ ሜትር ምን ታመጣለች" የምትል ሐሳብ ስትመጣባችሁ ይህን አስታውሱ።

መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት

ወንበሩን አስተካክሉ። ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ስትረግጡት ጉልበታችሁ ትንሽ እንደታጠፈ መቅረት አለበት። እግራችሁ ተወጥሮ ጫፉን ብቻ የሚደርስ ከሆነ ቀስ አድርጎ መልቀቅ አትችሉም፤ ያመልጣችኋል። ጫማችሁ ስስ ሶል ይኑረው። ከተረከዝ የሚለቅ ነጠላ ጫማ ፔዳል ሥር ሊወሸቅ ስለሚችል ለመንዳት አይሆንም።

ከዚያ በለጥ ያለ ሜዳ ላይ ቆማችሁ ፍሪሲዮኑ የሚይዝበትን ቦታ ፈልጉ። ፍሬን ይዛችሁ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብታችሁ፣ ፔዳሉን እንደ ቀንድ አውጣ ቀስ እያላችሁ ልቀቁት። የሆነ ቦታ ላይ የሞተሩ ድምፅ ወፈር ይላል፣ የመኪናው አፍንጫም ትንሽ ቀና ወይም ዝቅ ይላል። መያዣው እዚያ ነው። መልሳችሁ ርገጡት፣ እንደገና ፈልጉት። 20 ጊዜ ያህል ደጋግሙት። በአንዳንድ መኪና ከወለሉ አጠገብ ነው የሚይዘው፤ ሸራው ያለቀ መኪና ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከላይ ነው። እግራችሁ ይህን ቦታ ሳያስብ እስኪያገኘው ድረስ ኩርባ ላይ መሥራት ትርፍ ድካም ነው።

ከዋና መንገድ ወደ ሰፈር መንገድ መታጠፍ

ልምምዱን በጣም በሚደጋገመው ሁኔታ እንጀምር። በሦስተኛ ማርሽ፣ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄዳችሁ ነው፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ አንድ ጠባብ የኮብልስቶን መንገድ ትታጠፋላችሁ። በ40 ስትሄዱ መኪናው በየሰከንዱ 11 ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ መታጠፊያው አፍ ላይ ደርሶ መጀመር የለም። ከ50 እስከ 60 ሜትር ሲቀራችሁ ነው ሥራው የሚጀመረው።

የኋላውንና የቀኙን ስፖኪዮ እዩ። በቀኝ በኩል ሾልኮ የሚመጣ ሞተር ሳይክል ወይም ባጃጅ ሁሌም አለ ብላችሁ አስቡ። ፍሬቻ አሳዩ። እግራችሁን ከነዳጅ አንሡና ፍሬን ላይ አድርጉ፤ ፍሪሲዮኑን ግን ገና አትንኩት። ለማጅ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ፍሬንና ፍሪሲዮን አብሮ ይረግጣል። መኪናው ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሆኖ እስከ 20 ድረስ ሳይጠፋ ይወርዳል፤ ሞተሩ ፍሬኑን እያገዘ ይያዝላችሁ።

ፍጥነቱ 20 አካባቢ ሲደርስ፣ መኪናው አሁንም ቀጥ እንዳለ፣ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ርገጡ፤ ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ፤ ቀኝ እጃችሁን ወዲያው ወደ መሪው መልሱ። ከዚያ ፍሪሲዮኑን ልቀቁ፦ እስከ መያዣው ቶሎ፣ መያዣው ላይ ለአንድ ቅጽበት ቆም፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ። መኪናው ገጭ ካለ ወይ ፍጥነቱ ገና ብዙ ነበር፣ ወይ መያዣው ላይ አልቆማችሁም። አሁን የግራ እግራችሁን ከፔዳሉ አንሥታችሁ ወለሉ ላይ አሳርፉት። ፔዳሉ ላይ አንጠልጥላችሁ አትያዙት። የተንጠለጠለ እግር ድንጋጤ ሲመጣ መርገጡ አይቀርም፤ ሸራውንም ቀስ በቀስ ይበላዋል።

እህቴን ሳለማምዳት አንድ ዘዴ ተጠቀምን። እግሯ ወለሉን ሲነካ ጮክ ብላ "ወለል" ትላለች። "ወለል" ሳትል መሪ አታዞርም። መጀመሪያ ላይ መታጠፊያው አፍ ላይ ደርሳም አትለውም ነበር። ያኔ መታጠፉን ትተን ቀጥ ብለን እናልፍና ዞረን እንመለሳለን። መታጠፊያ ቢያመልጣችሁ የሚጠፋው ሦስት ደቂቃ ነው፤ ሳትዘጋጁ መግባት ግን ሌላ ነገር ነው።

መሪውን እንደ ግድግዳ ሰዓት ብታዩት፣ ግራ እጅ 9 ላይ፣ ቀኝ እጅ 3 ላይ ነው። ለእንደዚህ ያለ መታጠፊያ ሁለቱም እጆች ያስፈልጋሉ። ኩርባ ውስጥ ማርሽ መቀየርን የምቃወምበት አንዱ ምክንያትም ይሄው ነው፤ ማርሹን የያዘ እጅ መሪ አይይዝም። ዓይናችሁን መኪናው አፍንጫ ላይ ሳይሆን መድረስ የምትፈልጉበት ቦታ ላይ ጣሉ፤ እጅ ዓይንን ይከተላል። በ15 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ፍሬኑን ቀስ እያላችሁ እየለቀቃችሁ ግቡ። መኪናው በሁለተኛ ማርሽ ራሱን ችሎ ይዞራል፤ ሞተሩም አይጠፋም። መሪው መመለስ ሲጀምር ነዳጅ በጥቂቱ ስጡ። ቀጥ ስትሉ ደግሞ እንደ አስፈላጊነቱ ማርሽ ጨምሩ።

ወደ ግራ ሲሆን ተቃራኒ መኪና መጠበቅ ይኖራል፤ የእግሩ ሥራ ግን ያው ነው። ቆማችሁ ከሆነ የምትነሡት፣ በአንደኛ ማርሽ ውጡ፤ መታጠፉንም እዚያው አንደኛ ላይ ጨርሱ። ለማጆች ከአደባባይ አፍ ተነሥተው ሁለት ሜትር ሳይሄዱ፣ መሪው እንደተጠመዘዘ ሁለተኛ ለማስገባት ይጣደፋሉ። ሞተሩ ትንሽ ቢጮኽ ምንም አይሆንም። መሪው ቀጥ ሲል ቀይሩ።

ነገሩ ሲበላሽ

ሁለት ዓይነት ስሕተት አለ። አንደኛው በዝግታ መግባት ነው። በሁለተኛ ማርሽ ሆናችሁ ፍጥነቱ ከ8 ወይም ከ7 ኪሎ ሜትር በታች ከወረደ መኪናው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ያኔ ፍሪሲዮኑን እስከ መያዣው ድረስ ብቻ ርገጡት፤ ነዳጅ በትንሹ እየሰጣችሁ ውጡ። ቀጥ ስትሉ ልቀቁት። መንገዱ ዳገት ከሆነ ይህ አይበቃም፤ ቁሙና በአንደኛ ተነሡ። ሞተሩ ከጠፋም ጠፋ ነው። ፍሬን ያዙ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ አደጋ መብራቱን አብሩ፣ አስነሡ። ከኋላ የሚጮኸው ሰውም አንድ ቀን ለማጅ ነበር።

ሁለተኛው፣ የከፋው፣ በፍጥነት መግባት ነው። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሆናችሁ፣ ኩርባው ከጠበቃችሁት በላይ ጠቦ አገኛችሁት። ፍሪሲዮኑን አትርገጡ፤ ማርሽም አትቀንሱ። እግራችሁን ከነዳጅ ቀስ አድርጋችሁ አንሡ፣ መውጫውን እያያችሁ መሪውን ያዙ፣ ፍሬን ካስፈለገም ለስለስ ባለ እግር ጨምሩ። በሦስተኛ ማርሽ ኩርባ መጨረስ አያምርም፣ ግን ያደርሳል። እየታጠፉ ማርሽ መፈለግ ነው ገደል የሚከተው።

ፍሪሲዮን ኩርባ ውስጥ የሚረገጥበት ጊዜ

ደንቡን አጥብቄ ስናገር የሚፈቀድበትንም መናገር አለብኝ። ከእግረኛ እርምጃ በማይበልጥ ፍጥነት ስትዞሩ፣ ለምሳሌ መኪና ስታቆሙ፣ ጠባብ ግቢ ውስጥ ስትመለሱ፣ በኋላ ማርሽ ስትታጠፉ፣ አንደኛ ማርሽ እንኳ ይፈጥናል። እዚያ ፍጥነቱን የምትመጥኑት በግማሽ ፍሪሲዮን ነው። መያዣው ላይ ሆናችሁ ትንሽ ልቀቅ፣ ትንሽ ርገጥ ታደርጋላችሁ። ለግማሽ ደቂቃ ሸራውን አይጎዳም፤ ለአምስት ደቂቃ ብትቀጥሉ ግን የተቃጠለ ነገር ይሸታችኋል።

ኩርባ ውስጥ መቆም ግድ ሲሆን፣ አህያ ወይም ልጅ መንገዱ መሀል ሲገባ፣ ፍሬኑን በሙሉ ኃይል ርገጡ፤ ፍሪሲዮኑ መኪናው ሊቆም ሲል ይከተላል። ድንገት ሁለቱንም አብራችሁ ብትረግጡ አልወቅሳችሁም፤ በዚያ ሰዓት ዋናው መቆሙ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ጎማው ሸርተት ብሎ መኪናው ቂጡን መጣል ሲጀምር ነው። ያኔ ፍሪሲዮን መርገጥ በሞተሩ የተያዘውን ጎማ ነፃ ስለሚያወጣው እንደገና መሬት እንዲይዝ ይረዳዋል። መሪውን መሄድ ወደምትፈልጉበት አቅጣጫ አዙሩ።

ረጅም ቁልቁለት

የዓባይ በረሃን የወረደ ሰው ይህን ክፍል አያልፈውም። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በኩርባ ላይ ኩርባ ይወረዳል፤ ከአፋፉ እስከ ወንዙ ያለው የከፍታ ልዩነትም ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ጣርማ በርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና መውረድም የዚሁ ዘመድ ነው፤ እዚያ ላይ ጉም ይጨመርበታል።

እዚህ የድሮ ሾፌሮች ምክር ይሠራል፦ ዳገቱን በምትወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረዱ። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ አስገቡና ፍሪሲዮኑን እርሱት። ሞተሩ ይይዛችኋል። ፍሬን የምትጠቀሙት ከኩርባው በፊት፣ ጠንከርና አጠር አድርጋችሁ ነው፤ ከዚያ ትለቁታላችሁ። ያለማቋረጥ የተረገጠ ፍሬን ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ቢረገጥም አይይዝም። የፍሬን ሸራ ሽታ ከመጣባችሁ መንገዱ ሰፋ ያለበት ቦታ ላይ ዳር ያዙና እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ።

ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ፎሌ አድርጎ (ማርሹን አውጥቶ) መውረድ በአገራችን የተለመደ ነው፤ ሰዎችን የሚያሳጣን ልማድ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ነዳጅ በኢንጄክሽን የሚሰጥ መኪና፣ ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ፣ የሞተሩ ዙር ከፍ ያለ እስከሆነ ድረስ ነዳጅ መርጨቱን ያቆማል። ፎሌ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መውሰዱን ይቀጥላል። ቁጠባው የለም ማለት ነው። አሮጌው ካርቡሬተር ያለው መኪና ላይ የምትድን ጥቂት ነዳጅ ብትኖር እንኳ፣ የጋለ ፍሬን ብቻ ተማምኖ ኩርባ ለመግባት የምትበቃ ምክንያት አይደለችም። ሞተሩን ጨርሶ ማጥፋት ደግሞ የፍሬኑን አጋዥ ኃይል ያሳጣል፤ መሪውንም ያከብዳል።

ዳገት ላይ ያለ ኩርባ

ወደ ላይ ስትሄዱ ፍሪሲዮን ሲረገጥ መኪናው ወዲያው ይደክማል። ስለዚህ ማርሹን ከኩርባው በፊት ሜዳ ላይ ከምትቀንሱበት ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቀንሱ፤ ፍጥነቱ ጨርሶ ሳይሞት። ነዳጁን ሳታቋርጡ፣ ሳታጣድፉም፣ ወጥ አድርጋችሁ ስጡ። ከላይ የሚወርድ የጭነት መኪና ኩርባውን ሰፍቶ ሊዞር ስለሚችል ቀኛችሁን ያዙ፤ የማይታይ ኩርባ ከሆነ አጠር ያለ ክላክስ አሰሙ። መሀል ላይ ከቆማችሁ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ አንደኛ አስገቡ፣ ነዳጅ እየሰጣችሁ ፍሪሲዮኑን መያዣው ላይ አምጡ፤ መኪናው መነሣት ሲፈልግ ሲሰማችሁ የእጅ ፍሬኑን አውርዱ። መኪናውን በእጅ ፍሬን ፋንታ በግማሽ ፍሪሲዮን አንጠልጥላችሁ አታቁሙ።

ልምምዱ

እሑድ ማለዳ፣ ሰው የሌለበት ሰፊ ሜዳ፣ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው አጠገባችሁ። ሁለት ውሃ የተሞሉ ሃይላንዶች በ30 እርምጃ ልዩነት አስቀምጡና በዙሪያቸው ስምንት ቁጥር እየሠራችሁ ዙሩ። መጀመሪያ በአንደኛ ማርሽ፣ የግራ እግር ወለል ላይ ሆኖ፣ 10 ዙር። አንዳንዱ ለማጅ መኪናው ያለ ፍሪሲዮን እንደሚዞር የሚያምነው እዚህ ነው። ቀጥሎ በሁለተኛ፣ በሰፊው። በሦስተኛው ቀን ቀጥታ መንገድ ጨምሩበት፦ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ፣ ፍሬን፣ ሁለተኛ፣ "ወለል"፣ መታጠፍ። ቁልቁለት የሚመጣው ይህ ከተደላደለ በኋላ ነው፤ እሱም መጀመሪያ በአጭሩ።

እህቴ "ወለል" የምትለውን ቃል ለሦስት ሳምንት ያህል አልተወችም። ከእንጦጦ ስንወርድ፣ እኔ ያኔ ከነጎድኩበት ኩርባ ጥቂት ሜትሮች ሲቀሩን፣ ቃሉን ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ወደ ታች አየሁ። የግራ እግሯ ወለሉ ላይ ነበር፤ ሞተሩም በሁለተኛ ማርሽ እየጮኸ መኪናውን ይዞታል።